ማን ሞቶ ነው የምትሮጪው?

ሰቆጣ ውስጥ ትልቅ ሴት በማለዳ ስትሮጥ ያየ ሰው መርዶ እንጂ ሌላ ነገር አይታየውም። ይህን የተረዳሁት በመጀመሪያው ዙር ነው። ለአራት ወር በየወሩ አንድ እሁድ በከተማዋ ሩጫ ይዘጋጅ ነበር፤ አራቱንም ዙር የጨረሰ ሜዳሊያ ያገኛል። ከኳስ ሜዳው ተነስተን በወልድያ መንገድ ወጥተን፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ዞረን እንመለሳለን። መዞሪያው ላይ በባልዲ በለስ የሚሸጡ እማማ ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

«ምነው ልጄ! ማን ሞቶ ነው የምትሮጪው?»

«ማንም አልሞተም እማማ፤ ስፖርት ነው።»

«ይሁን» አሉ፣ ሳያምኑኝ። አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ የሆነ ነገር አሏትና ሁለቱም ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

እናቴ ሞታ ነበር። መርዶ በእኛ አገር ለብቻ አይነገርም፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው። እኔ ግን መንገድ ተዘግቶ ስለነበር በስልክ ሰማሁት፤ ያውም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። ለሥራ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ዘመድ የለኝም። በተከራየኋት ክፍል ብቻዬን አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ቢሮ ገባሁ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ ኑና አብራችሁኝ አልቅሱ አይባል ነገር! ማታ ማታ የቤቱ ጸጥታ ሲያንቀኝ ጊዜ ነው ሩጫው ላይ የተመዘገብኩት። ከዚያ ክፉ ዓመት አንድ ነገር እንኳ ልጨርስ ብዬ ለሜዳሊያው እልህ ያዘኝ።

በሁሉም ዙር የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ከኋላዬ ቀይ ጨርቅ ያሰረች ባጃጅ ታዘግማለች፤ እሷ ካለፈችህ ከውድድሩ ወጥተሃል። ሾፌሩ አንገቱን ብቅ አድርጎ «እህቴ፣ ግቢና እንገላገል» ይለኛል። አልገባም። ሌሎቹ ሲጨርሱ የሚያቅፋቸው ቤተሰብ አላቸው፤ እኔ ጎል ብረቱ ላይ የሰቀልኩትን ጃኬቴን ራሴው አውርጄ እለብሳለሁ።

በአራተኛው ዙር እማማ እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ። ያው መልስ አፌ ላይ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እናቴ» አልኩና ቆምኩ።

ባልዲያቸውን ገፉት። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ድንጋዩ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ታዲያ ምነው እስካሁን? ያለ ሰው ነው ያለቀስሽው?» ብለው ጮክ ብለው አለቀሱ። እኔም ከስልኩ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ።

ባጃጇ ደረሰች። በቃ አለፈችኝ፣ ቀረብኝ ስል ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለና መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰዓቱን አላየም፤ እኔም አላየሁም።

ስነሳ እማማ የእናቴን የክርስትና ስም ጠየቁኝ፣ በቤተክርስቲያን ሊያስጠሯት። ነገርኳቸው። ከዚያ ቁልቁለቱን ሮጥኩ፤ ባጃጇ ከኋላዬ እያዘገመች።

ሜዳው ላይ ሰው አልነበረም። ገመዱን የሚጠቀልለው አስተባባሪ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ።

«የት ቆየሽ?»

«ለቅሶ ተቀምጬ» አልኩት።