እማማ በትሮጊር ያንኳኩት በር

ጉዞው የተጀመረው ኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ነው ማለት ይቻላል። የባለቤቴ እናት እማማ አስካለ «ባሕር አሳዩኝ» ብለው ሲወተውቱን ወደ ሐይቁ ወሰድናቸው። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና «ይሄማ ጨው የለውም» አሉ። አለቀ!

እማማ መርሳት ጀምረዋል። ቶሮንቶ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ካለው አፓርትመንታችን ቀን ቀን እየወጡ «ልጁን ላምጣው» ይላሉ። ባሌን ዳዊትን የሚፈልጉ እየመሰለን ከኤለቬተሩ እንመልሳቸዋለን። ዳዊት ጨዋማ ባሕር ያላት የክሮኤሺያ ቲኬት በቅናሽ አግኝቶ ገዛ፤ እሱን ግን ሥራ ያዘውና እኔ ብቻዬን ይዣቸው ሄድኩ። ኤርፖርት ላይ «እናቴን አደራ፣ እንዳትጠፋብሽ» አለኝ፤ ደጋግሞ።

ጀልባው ላይ

ስፕሊት በተባለችው የክሮኤሺያ ወደብ ባደርን ማግስት ትሮጊር ወደምትባለው ጥንታዊ ከተማ በጀልባ ተነሳን። አንድ ሰዓት ያህል ነው መንገዱ። ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳል፤ እኔ የእማማን እጅ ጥብቅ አድርጌ ይዣለሁ። የባሕሩ ፍንጣቂ ፊታቸውን ሲነካቸው ከንፈራቸውን ላስ አደረጉ።

«አሁን ደረስን» አሉ።

«የት እማማ?»

«ምጽዋ ነዋ!»

ሳቄ መጣ። በወጣትነታቸው ምጽዋ እንደኖሩ አውቃለሁ፤ አያወሩትም እንጂ።

ትሮጊር፣ ቀትር

ከተማዋ በነጭ ድንጋይ የተሠራች ትንሽ ደሴት ናት። የካቴድራሉን በር የሚጠብቁትን የድንጋይ አንበሶች አየን፤ የተጠበሰ ሰርዲን በላን። ሂሳብ ልከፍል ዞር ስል ወንበራቸው ባዶ!

«በኢየሱስ ስም!» እያልኩ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ በፀሐዩ ቤቱ ገብቷል፤ አረንጓዴ የእንጨት መስኮቶች በሙሉ ተዘግተዋል። ከጫማዬ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። ልጅ ሳለን እናቴ በቀትር ውሃ ዳር አትቁሙ ትለን ነበር፤ ያኔ እስቅባት ነበር፣ አሁን ግን ፈራሁ።

ጠባቡ መንገድ መጨረሻ ላይ ጀርባቸውን አየሁ። ቤታችን ውስጥ መታጠቢያው የሚጠፋባቸው ሴትዮ እዚህ ቅንጣት አያመነቱም። ወደ ግራ፣ በቅስቱ ሥር፣ ደግሞ ወደ ግራ። ብጣራ አይዞሩም። አንድ አሮጌ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙና በጥፍራቸው ቀስ አድርገው አንኳኩ።

ጥቁር የለበሱ አሮጊት ከፈቱ። ጭራሽ አልገረማቸውም።

«ልጁ ተኝቷል?» አሉ እማማ፣ በአማርኛ።

አሮጊቷ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ ጨለማው ክፍል አመለከቱ። ተከትዬ ገባሁ። የሕፃን አልጋ አለ፤ አንሶላው ንጹሕ ነው፤ ሕፃን ግን የለበትም። እማማ ጎንበስ ብለው ባዶውን በሻርፓቸው ጠቀለሉና አቀፉት። አሮጊቷ የሻርፑን ጫፍ አስተካከሉላቸው። ከዚያ ወደ ውጭ ሸኝተውን በሩን ከኋላችን ዘጉ።

መመለስ

እማማ በጀልባም በአውሮፕላንም ሻርፑን ከደረታቸው አላወረዱትም። ምግብ አጎረስኳቸው እንጂ ሻርፑን ልቀበላቸው አልደፈርኩም።

ቶሮንቶ ዳዊት ተቀበለን። መኪናው ውስጥ ሁሉንም በሹክሹክታ ነገርኩትና «ምጽዋ ልጅ ነበራቸው እንዴ?» አልኩት።

«የምን ልጅ!» ብሎ ጮኸ። «የመጀመሪያ ልጇ እኔ ነኝ! የተወለድኩትም አዲስ አበባ ነው!»

ከጉዞው የተማርኩትን እነሆ፦ ያን ሁሉ ጊዜ ከኤለቬተሩ ስንመልሳቸው፣ የትኛውን ልጅ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅናቸውም።

እማማ ከኋላ ወንበር ሻርፑን መታ መታ እያደረጉ ነበር።

«ዳዊት፣ ቀስ ብለህ አውራ» አሉ። «ወንድምህን ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደው።»

ዳዊት እጁን ዘርግቶ ሬዲዮውን አጠፋው።