አንቀልባዬ የተሰቀለበት ቀን

ልጄ አንቀልባውን ስጪኝ ስትለኝ ድንች እየላጥኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩና መጀመሪያ ያየሁት ሆዷን ነው። ገፍቶ ነበር፤ ቀሚሷ ከፊት አጥሯል።

«ለምንሽ ነው?» አልኳት።

«ልሰቅለው ነው፣ እማ። ለኤግዚቢሽኑ።»

«ልጅ የሚታዘልበትን ነገር ምን ብለው ይሰቅሉታል?»

ልጄ ባሕር ዳር ሥዕል ተምራ የመጣች ናት። ሥዕል ግን ስትስል አላይም። አፈር ትዘረጋለች፣ ገመድ ትወጥራለች፣ የወዳደቀ ዕቃ ሰብስባ ታቆማለች፤ ሥራዬ ይኼ ነው ትላለች። ኢንስታሌሽን ይባላል ብላ ብዙ ጊዜ አስረድታኛለች። እኔ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቀረሁ ሰው ነኝ፣ እሺ እላታለሁ፤ የገባኝም ያልገባኝም አለ።

አንቀልባው የእናቴ ነው። ከለፋ የጥጃ ቆዳ የተሠራ፣ ጠርዙ ላይ ዛጎል የተሰፋበት። ከዚህች ልጄ በፊት ሁለት ወልጄ ነበር፤ ሁለቱም ጀርባዬ ላይ ሳይወጡ ቀሩብኝ። እሷ ስትወለድ እናቴ ከእስቴ ድረስ አንቀልባውን ይዛልኝ መጣች። በእሱ አዘልኳት፣ አደገችልኝ። ያሳደጋት እግዚአብሔር መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ፈሪ ነኝ፤ አንቀልባውን ሳጥን ውስጥ ጠቅልዬ ለልጅ ልጄ አስቀምጬው ነበር። በዚያ ላይ ልጄ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ክትትሉን እንዳታቋርጪ፣ ቤት ውስጥ እወልዳለሁ እንዳትዪ ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ ራሴን አመመኝ ባለች ቁጥር ነጠላዬን አንስቼ ጤና ጣቢያ እንሂድ እላታለሁ።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ልብሱ ይወጣል። አልቃሿ ኩታውን ወይ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ለሰው እያሳየች ታላቅሳለች። ባለቤቱ በሌለበት ልብሱ ተሰቅሎ ከታየ፣ ያው ለቅሶ ነው። ገና ያልተወለደ ልጅ አንቀልባ ሲሰቀል ደግሞ ምን ይባላል? ይህን ለልጄ ልነግራት ፈለግሁ። ክፉውን በአፌ እንዳልጠራው ፈራሁና ወደ ድንቼ ተመለስኩ።

«ከገሳይም ከሐሙሲትም እናቶች አውሰውኛል» አለችኝ። «ያንቺ ከሌለበት ግን የሰው ታሪክ ይዤ የራሴን እንደ መደበቅ ይሆንብኛል።»

ሰጠኋት።

በኤግዚቢሽኑ ዋዜማ አዳራሹን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። መንገድ ሲሰፋ ማሽን የነቀለውን ትልቅ ወይራ አስመጥታ፣ ሥሩን ወደ ላይ፣ ቅርንጫፉን ወደ ታች አድርጋ ከጣሪያው አንጠልጥላዋለች።

«ዛፉን ምነው ዘቀዘቅሽው?»

«ሥሩ እንዲታይ ነዋ።»

«የዛፍ ሥር የሚታየው ሲወድቅ ነው፣ ልጄ።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ፣ እማ!» ብላ ሳቀች።

ከሥሩ አንቀልባዎቹ በገመድ ተንጠልጥለዋል፤ የእኔው መሀል ላይ ነው። ከበታቻቸው ቀይ አፈር ተነጥፏል። አፈሩን ያመጣችው ንጉሡ መድፍ ካሠሩበት ከጋፋት ነው፤ ውስጡ ጥቁር የብረት ዝቃጭ አለበት። ግድግዳው ላይ የጻፈችውን አነበበችልኝ። መድፉን ተራራ ለተራራ የጎተቱት ወንዶች ይነገርላቸዋል፤ እነዚያን ወንዶች ያዘሏቸው እናቶች ግን የት ተጻፉ? ይላል። ደስ አለኝ። እናቴ ትዝ አለችኝ፣ አንድም ቀን ስሟ በወረቀት ላይ ያልሰፈረ። ዓይኔ ግን ከአንቀልባዬ አልነሣ አለ። አንቀልባው ከላይ ተሰቅሎ፣ ባዶውን፣ በራሱ ጊዜ ይዞራል።

በማግሥቱ የማኅበር እኅቶቼን ይዤ ሄድኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ያማረውን ለብሰው ነው የመጡት። እንግዶችም ነበሩ፤ ከመሥሪያ ቤት የመጡ፣ ተማሪዎች፣ ስልክ የደገኑ ወጣቶች። ሴቶቹ ገቡና ቀና ብለው አዩ። አንዷ ጎረቤቴ ወንድ ልጇን ከቀበረች ብዙ አልቆየችም። እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«አወይ ልጄን!» አለች።

በቃ። ሌላዋ ደረቷን ያዘች፣ ሌላዋ ተከተለች። ከመካከላቸው ድምፅ ያላት ቀጠለች፦

«ያዘልንበትማ ይኸው ተንጠልጥሏል፣
የታዘለው ልጅ ግን ወዴት ተሰውሯል?»

አዳራሹ ለቅሶ ቤት ሆነ። ወጣቶቹ ደግሞ የዝግጅቱ አንድ ክፍል መስሏቸው ማጨብጨብ ጀመሩ! አንዱማ «እናቶች፣ ትንሽ ወደ ብርሃኑ!» ይላል፣ ቪዲዮ እየቀዳ። ልጄ ግድግዳውን ተደግፋለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል፣ እጇ ሆዷ ላይ ነው። እኔ የማንንም ፊት አላየሁም። ያ የፈራሁት መጣ አልኩ። ወንበር ስቤ ወጣሁና አንቀልባዬን ያዝኩ። አውርጄ በነጠላዬ ሸሽጌ ወደ ቤቴ ልሮጥ ነው።

በዚህ መሀል የሰፈራችን መነኩሲት እማሆይ መቋሚያቸውን እያንኳኩ ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ለለቅሶ ተሰናድተው ነው።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ።

«ማንም አልሞተም፣ እማሆይ» አልኳቸው ከወንበሩ ላይ።

«ማንም አልሞተም? እኔ ጩኸታችሁን ከመንገድ ሰምቼ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ እንባዬንም ጀምሬ ነው የመጣሁት! ታዲያ ምን ያላቅሳችኋል?»

አንዷ እንባዋን ሳትጠርግ ፈገግ አለች። በሩ አጠገብ ዝናብ ያስጠጋት አንዲት ልጅ እግር እናት ቆማለች። ሕፃኗን በክንዷ ይዛለች፤ በሌላው እጇ ፌስታል አለ። ሕፃኑ ጩኸቱ አስደንግጦት እሪ ይላል፣ ወደ ኋላ ይንፈራገጣል። እማሆይ እሷን አዩና መቋሚያቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«አንቺ! ይኼ ሕፃን በክንድ ሲንገላታ ለባዶ ቆዳ ታለቅሳላችሁ? አምጪው ወዲህ!»

ከገመዱ ፈትቼ ይዤው ወረድኩ። ወንበሩ ላይ ስወጣ ያሰብኩት ሌላ ነበር፤ እጄ ግን ሥራውን አልረሳም። ልጅቷን ጎንበስ በይ አልኳት፣ ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ አስተኛሁት፣ ቆዳውን ከላይ አለበስኩት፣ ጠፍሩን በትከሻዋ አሳልፌ ደረቷ ላይ አሰርኩላት። ሁለት ጊዜ ተነፋረቀና ጉንጩን ጀርባዋ ላይ ጥሎ ዝም አለ። ያቺው አልቃሻችን በዚያው ድምፅ፣ እንባዋ ሳይደርቅ፣ እሹሩሩ ማለት ጀመረች። ሌሎቹ ተቀበሏት። ወጣቶቹ አላጨበጨቡም። እማሆይ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ።

ልጄን አየኋት። ግድግዳውን ለቃ ቆማለች፣ ቀለሟ ተመልሷል።

ዝናቡ ሲያባራ እናትየዋ ጠፍሩን ልትፈታ እጇን ሰደደች። «የገሳይ መኪና እንዳያመልጠኝ ነው» አለችኝ አፍራ። ሕፃኑ እንቅልፍ ወስዶታል፣ አፉ ተከፍቷል። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የጨነቀኝ። አንቀልባው ከሄደ ለልጄ ምን እይዝላታለሁ? ይህ ሁሉ ዓመት የጠበቅሁት ለዚህ አልነበረም። ደግሞ ሕፃኑን አየሁት፤ ያስደነገጥነው እኛው ነን።

«አትቀስቅሺው። ይዘሽው ሂጂ» ያለው አፌ ነው።

«ውይ እናቴ፣ መቼ ልመልስልዎ?»

«ሲያድግ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ልጄ መጥታ አንገቴ ውስጥ ገባች። «ሥራሽን አበላሸሁብሽ አይደል?» አልኳት። «ዝም በይ፣ እማ» አለች። በቦታው ሌላ አልሰቀለችም። ባዶውን ገመድ እንዲሁ ተወችው። ዝግጅቱ እስኪያበቃ የመጣው ሰው ሁሉ ይኼ ገመድ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ እሷም አቅሟ እስኪደክም ታወራላቸው ነበር።

እኔ ግን ማታ ማታ ጸጸት መጣብኝ፤ አልዋሽም። የልጄ ምጥ የመጣው ካሰብነው ቀድሞ ነው። ሆስፒታል ስንደርስ ግፊቷ ወጥቷል ተባለና ወደ ውስጥ አስገቧት፤ እኔን ከበር መለሱኝ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እጄን የማደርግበት አጣሁ። አንዴ ለእመቤቴ እሳላለሁ፣ አንዴ ያቺን የገሳይ ልጅ አስባለሁ። ያን ጊዜ ምን ነክቶኝ ሰጠሁ እያልኩ ራሴን ስረግም፣ ደግሞ ያ ሕፃን በሰላም ይደግ እያልኩ ስመርቅ፣ እርግማኑና ምርቃቱ ተደባለቀብኝ። ነጩን የለበሰችው አዋላጅ ወጥታ «እማማ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ሴት ናት» አለችኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። ስሟን አልጠየቅኋትም። ስጸልይ ያቺ ነጭ ለባሽ እላለሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃታል።

«አንቀልባው ይቆጭሻል?» አለችኝ ልጄ በአራስ ቤት።

«ይቆጨኛል» አልኳት። «ግን መልሺ ብዬ አልጠይቃትም።»

አሁን ልጄ ሕፃኗን የምታዝላት ከሱቅ በተገዛ ባለ ቁልፍ ማዘያ ነው። ሲዘጋ ጠቅ ይላል፤ እኔ ያንን ጠቅታ አላምነውም። ወደ ገበያ ስትወጣ እጆቼን ዘርግቼ ከኋላዋ እከተላታለሁ፤ ምናልባት ቢከፈት ብዬ። የሰፈሩ ሰው ይስቃል። ልጄም ዞር ብላ «እማ፣ ኧረ ሰው ያያል!» ትለኛለች። ቢያይ ይይ። ተመስገን፣ ተመስገን እያልኩ እከተላታለሁ።