የእትዬ ሃሊና ረጅም ቃል

ባለቤቴ ምህረት ሰው ሲናገር አታስጨርስም። ክፋት የለባትም፤ ያደገችበት ቤት ትልቅ ሰው ቃል ሲጠፋበት ልጅ ቶሎ የሚያቀብልበት ቤት ነው። እኔን ግን በአስራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር አንድ ነገር በወጉ አስጨርሳኝ አታውቅም።

ሥራዋ አረጋውያንን በየቤታቸው መርዳት ነው። ኢስትሙር የሚባል ሰፈር ያሉት እትዬ ሃሊና ፖላንዳዊት ናቸው። አምና ስትሮክ ሲመታቸው አርባ ዓመት የተናገሩት እንግሊዝኛ ብን ብሎ ጠፋ፤ የልጅነት ቋንቋቸውም የተመለሰው ተቆራርጦ ነው። ሌላ ስቴት ያለችው ልጃቸው ነርሲንግ ሆም የሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ልታስገባቸው አልፈለገችም። ቤታቸው መቆየት ይችሉ እንደሆነ ልትወስን ከመንግሥት ቢሮ የምትመጣው ሴትዮ ግን «በየቀኑ ረዳት ቢመጣልዎት ምን ያደርጋሉ?» ብላ ስትጠይቅ፣ መልሱ ከራሳቸው አፍ መውጣት ነበረበት።

መልሱ በፖላንድኛ አንድ ቃል ነው፤ ፖዞስታዋብም። እዚሁ እቀር ነበር ማለት ነው። የንግግር ሐኪማቸው ቃሉን በእርሳስ ከፋፍላ ሰጠቻቸው፤ መሃል ላይ እየተሰበረ አስቸገራቸው። ምህረት ወረቀቱን አይታ ሳቀች።

«ይሄማ እንደኛው ነው» አለችኝ። «እኛስ አልመጣሁላቸውም ስንል ማን እንደቀረ፣ ለማን እንደቀረ፣ ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቅልለን አይደል? የሳቸው ደግሞ፣ ልጃቸው እንደነገረችኝ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ም ‹እኔ› ማለት ናት። እሷ ከተዋጠች ማን እንደሚቀር አይታወቅም።»

ካርቶን ላይ በፊደል ጻፈችው፤ ፖ፣ ዞ፣ ስታ፣ ዋ፣ ብም። በቻይና ምግብ መብሊያ እንጨት እየጠቆመች፣ ልጅ ሆና ሀ ሁ በቆጠረችበት ዜማ አብረው ቆጠሩት። በአንድ ወር ውስጥ እትዬ ሃሊና እስከ መጨረሻው ደረሱ።

ሴትዮዋ ስትመጣ ልጃቸው በስልክ አስተረጎመች። እትዬ ሃሊና «ፖ... ዞ...» ብለው ቆሙ። ምህረት የለመደችውን አደረገች፤ የቀረውን አቀበለቻቸው።

«ይሄ የእርስዎ መልስ ነው» አለች ሴትዮዋ። «የሳቸውን ነው የምፈልገው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ እመለሳለሁ።»

ምህረት እራት አልበላችም። «በገዛ አፌ ከቤታቸው ላስወጣቸው ነው» ብላ አለቀሰች።

በቀጠሮው ቀን መኪናዋ ጋራዥ ስለነበር፣ ግሮቭፖርት የምሠራበት መጋዘን ሺፍቴን ከመጀመሬ በፊት እኔ አደረስኳት። አብሬያት ገብቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ጥያቄው ተጠየቀ።

«ፖ» አሉ እትዬ ሃሊና። «ዞ። ስታ...»

ምህረትን አዩዋት። ምህረት ሁለት እጆቿን ጭኖቿ ሥር አስገብታ፣ ከንፈሯን ነክሳ ወለሉን አየች። ከወንበሬ ተነስቼ ልጮህላቸው ደረስኩ፤ ቃሉን እኔም ሸምድጄው ነበርና።

«ዋ» አሉ። ትንፋሽ ወሰዱ። «ብም።» ም ላይ ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ዘጉት።

ልጃቸው በስልኩ ውስጥ እያለቀሰች ተረጎመች። ሴትዮዋ ጻፈች። «እዚሁ ይቀራሉ» አለች።

መኪና ውስጥ ስንገባ «ምህረትዬ፣ እኔ እኮ ዛሬ...» ብዬ ቆምኩ። ድሮ ቢሆን ትጨርስልኝ ነበር። ዞር ብዬ ሳያት እጆቿ ጭኖቿ ሥር ናቸው፤ ትጠብቀኛለች።

«ኮራሁብሽ» አልኳት።