ለቴሌቪዥኑ ሰውዬ ያለቀሰችው ጎረቤታችን

ፊልሙ ሲያልቅ ጎረቤታችን እያለቀሰች ነበር። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ ከሳሎኑ በር አጠገብ ቆሜያለሁ። እንባዋን በራስ መሸፈኛዋ፣ በሸይላዋ ጫፍ ስትጠርግ ሳያት የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ንዴት ነው።

ዘመኑ በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነው፤ ዶሃ፣ አል ገራፋ ውስጥ አንድ ቪላ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ዓርብ ከምሳ በኋላ ወንዶቹ መጅሊስ፣ እንግዳ መቀበያቸው ሲገቡ ማዳምና ጎረቤቷ ሳሎን ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን ያያሉ። የዚያን ዕለት የታየው በዓረብኛ የተተረጎመ ዘጋቢ ፊልም ነው። እኔም ፍራፍሬ ሳቀርብ፣ ሻይ ስቀዳ፣ አብዛኛውን አየሁት።

ታሪኩ የአንድ ብርድ አገር ነው። ሰውየው የእንጨት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ የታመመ ልጁ መድኃኒት ተቋረጠ። ወደ ፋብሪካው ቢሮ ሄደ፣ እኛን አይመለከትም አሉት። ማዘጋጃ ቤት ሄደ፣ ክሊኒኩን ጠይቅ አሉት። ክሊኒኩ መልሶ ወደ ማዘጋጃ ቤት ላከው። ልጁ ሞተ። አንድ ቀን ጠዋት የአደን ጠመንጃ ይዞ ክሊኒኩ ገባና ተራ የሚጠብቁትን በሽተኞች አገተ። ፖሊስ ቀኑን ሙሉ ከቦት ውሎ አመሻሽ ላይ ገደለው። ፊልም ሠሪዎቹ ታግተው የነበሩትን ከዓመታት በኋላ አግኝተው ጠየቋቸው። አንዲት አሮጊት፣ ጠመንጃውን እንጂ እሱን አልፈራሁትም፣ ሲበርደኝ አይቶ ኮቱን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገልኝ አሉ። ፊልሙ ጥሩ ፊልም ነበር። ሰውየውን ከበራቸው የመለሱትን ሰዎች አንድ በአንድ እየሄደ ጠይቋል፤ ሁሉም የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት ይላሉ።

ጎረቤታችን፣ “ሚስኪን! አንድ ሰው እንኳ ቢሰማው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይሆንም ነበር” አለች።

ይህቺ ሴት ናት እንግዲህ። ከጥቂት ወራት በፊት በእሷ ቤት የሆነውን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

እሷ ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ ነበረች። በዕድሜ ታንሰኛለች፤ እትዬ ነበር የምትለኝ። የምንገናኘው ቆሻሻ ልንጥል ስንወጣ ከበር ላይ ነው፤ ሌላ ጊዜ በሩ ይቆለፍባታል። ለአንድ ቤት ተቀጥራ መጥታ፣ ሲነጋ የማዳሟን ቤት፣ ከሰዓት የማዳሟን እናት ቤት ታጸዳ ነበር። ያንን ችላው ኖራለች። እናቷ መሞቷን የሰማች ዕለት ግን፣ ለለቅሶ እንኳ ልድረስ ብላ ማዳሟን ለመነች። ኮንትራትሽ አላለቀም አለቻት። ወዳስመጣት ቢሮ ደወለች፤ ከፊልሽን፣ ቪዛ ያወጣልሽን አሠሪ አስፈቅጂ፣ ያለ አሠሪሽ ፈቃድ ምንም አናደርግም አሏት። አንድ ቀን በሩ ሲከፈት ጠብቃ ሮጣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። እዚያ የተቀበላት ሰው ውሃ ሰጥቶ አስቀመጣትና ከፊሏ ጋ ደወለ። ከፊሉ፣ የማዳሟ ባል፣ በራሱ መኪና መጥቶ ይዟት ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ጠዋት የማዳሟን የአራት ዓመት ሴት ልጅ ይዛ ጣሪያው ላይ ያለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብታ የቆለፈችው። ማጠቢያ ማሽኑን ጎትታ በሩን አስደገፈችው። ፖሊስ መጣ። ዓረብኛ አሳምራ ትችላለች፤ የዚያን ቀን ግን ከአማርኛ ሌላ አልናገርም አለች። ማዳሜ እየሮጠች መጥታ፣ “ያላ ነይ፣ አንቺ አናግሪያት” ብላ ወሰደችኝ።

በሩን መታሁ። “እኔ ነኝ፤ እህትሽ።”

“እትዬ፣ አንቺንም አመጡሽ?”

“ሕፃኗ ደህና ናት?”

“ተኝታለች። ምን አደርጋታለሁ ብለሽ ነው? ወላሂ ከእናቷ ይልቅ ከእኔ ጋር ነው ያደገችው።”

“ታዲያ ለምን እንዲህ አደረግሽ?”

“ሌላ ምን ብይዝ ነው የሚሰሙኝ? ስለምናቸው፣ ሳለቅስ፣ ማን ሰማኝ? አሁን ይኸው፣ ሁሉም በሬ ላይ ቆሟል” አለች።

የፖሊሶቹ አዛዥ ምን እንደምትፈልግ ጠየቀኝ። አገሯ መግባት ብቻ ነው አልኩት። ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። “በሩን ትክፈት። ዛሬ ነገ ሳይባል አገሯ ትሄዳለች፣ ወላሂ” አለ። ተርጉሜ ነገርኳት። ማሽኑ ሲጎተት ሰማን፤ በሩ ተከፈተ። ሕፃኗ የታጠበ አንሶላ ላይ ተኝታለች። ፀጉሯ ገና አሁን ተሠርቷል፤ እዚያ ውስጥ ሆና ሹሩባ ስትሠራት ነበር። ፖሊሶቹ የወሎዋን ልጅ እጇን አስረው በደረጃው ሲያወርዷት ማዳሟ ከኋላ ደርሳ በጥፊ መታቻት። አዛዡ እያየ ኮፍያውን መልሶ ደፋ። ዛሬ ነገ ሳይባል የተባለው አገር መግባትም እስር ቤት ሆነ።

እንግዲህ ያቺ ሴት ናት ሳሎናችን ቁጭ ብላ፣ አንድ ሰው እንኳ ቢሰማው ኖሮ የምትለው።

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጎረቤታችንን፣ “ማዳም፣ የእርስዎንም ልጅ ማንም አልሰማትም” አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። “የትኛዋን ልጅ?”

“እናቷ የሞተችባትን።”

ፊቷ ተለወጠ። “እሷ እኮ ልጄን ነው የያዘችብኝ።”

“እሱም የሰው እናት፣ የሰው አባት ነው የያዘው። ለእሱ አለቀሱለት። እሷ ደግሞ አጠገብዎ ቆማ ነው የነገረችዎ። እሱን የሚያውቁት ከቴሌቪዥን ነው፤ እሷ እኮ ቁርስ የምታቀርብልዎት ነበረች።”

ማዳሜ፣ “ኸላስ፣ በቃ! ወደ ሹግልሽ፣ ወደ ሥራሽ ሂጂ” አለችኝ። ጎረቤታችን ሻይዋን ሳትጠጣ አባያዋን ሰብስባ ወጣች። ወደ ኩሽና ገብቼ ሰሃን ማጠብ ጀመርኩ፤ ያጠብኩትን መልሼ ሳጥብ ታወቀኝ።

አመሻሽ ላይ ማዳም መጣች። “እንግዳዬን ቤቴ ውስጥ አዋረድሽብኝ” አለች።

“ውሸት ተናግሬ ከሆነ ይንገሩኝ።”

ማቀዝቀዣውን ከፍታ፣ ምንም ሳታወጣ ዘጋችውና ሄደች። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቷ ስትመጣ ሻይ የምታቀርበው ራሷ ሆነች። ኮንትራቴ ሲያልቅም አላደሰችልኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። በሌላ ቪዛ ወደ ዶሃ ተመልሼ ናጅማ በሚባል ሠፈር ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ የውበት ሳሎን ውስጥ ሠራሁ።

የወሎዋ ልጅ ወራት ታስራ አገሯ ገባች። ናጅማ እያለሁ ስልኬን ፈልጋ ደወለችልኝ። የእናቷን መቃብር እንዳየች፣ የክፍሏ በር ከተዘጋ እንቅልፍ አልወስዳት እንዳለ ነገረችኝ። ሕፃኗ ማደጓን ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ሠፈር ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ አላውቅም አልኳት።

አብረውኝ የሚኖሩት ሴቶች ታሪኩን ስነግራቸው፣ ለራሷ ስትል ማዳሟን ይቅር ትበላት ይሉኛል። ይህንንም በስልኩ ነገርኳት።

“ይቅርታ ጠየቀችኝ እንዴ?” አለችኝ።