ወንድሜ በሰው አፍ

አንድ ልጅ የወንድሜን ሞት ሰርቆ ማስተርስ ገባበት። በደሉ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ማስረጃው ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ መካነ ሰላም ከገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነበርን። የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት ሁለታችንም ተመዘገብን። እሱ ብዙም አልቆየም። «አንተ ተማር፤ ያንተን ጆንያ እኔ እሸከምልሃለሁ» አለኝ። ተሸከመልኝም። ፈተና ያለብኝ ቀን የኔን ተራ ደርቦ ይጭናል። እንዲህ እያልኩ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ በርቀት ዲግሪ ያዝኩ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ሆንኩ። ሰው «ጎበዝ» ሲለኝ ዝም እላለሁ። ጎበዙ ከጆንያው ሥር ነበር።

አንድ ክረምት መንገዱ ተቆረጠና መኪና ጠፋ። እህሉ ተከማችቶ ቆመ። የማኅበሩ ኮሚቴ ከጫኝና አውራጆቹ ግማሾቹን አሰናብት አለኝ። ሰዎቹን ሰብስቤ የተባልኩትን ነገርኳቸው። «ማንም አይሂድ፤ ያለችውን ሥራ በተራ እንሥራ» ብለው ተስማሙ። ተራው ለሁሉም አልዳረስ ሲል ወንድሜ «የኔን ልጆች ላሏቸው ስጣቸው» ብሎ መተማ ለሰሊጥ አረም ወረደ። እዚያ ወባ ገደለው፤ እዚያው ተቀበረ። ሲሸከም ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርጋት ቅዳጅ ጆንያ መጋዘኑ ውስጥ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ከዓመታት በኋላ ማኅበሩ አንድ ሰው ደሴ ሄዶ የንግድ ሥራ አመራር ማስተርስ እንዲማር ፈቀደ። ዕጣው ለኔ ደረሰ። ፈቃዱ ለዚያ ዓመት ብቻ ነው፤ ካለፈኝ ለሌላ ሰው ይሰጣል። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። የቀረው የቡድን ውይይትና ቃለ መጠይቅ ነበር።

ከከተማችን ያለፍነው ሦስት ነን። እኔ፣ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፣ እና ከደጎሎ መጥቶ እዚህ ባንክ የሚሠራ ወጣት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመምህርቷ ክፍል እየተገናኘን እንለማመድ ጀመር። እሷ ስልኳን ሰዓት አድርጋ ትይዛለች፤ ጊዜው ሲያልቅ ብርጭቆ በማንኪያ ትመታለች።

ቃለ መጠይቁን ጠያቂ ሆኖ የሚያለማምደኝ የባንኩ ልጅ ነበር።

«ጋሼ፣ ደካማ ጎንዎ ምንድን ነው?»

«ቁጡ ነኝ።»

«እንዲህማ አይባልም። ‹ሥራ ሲጓተት ትዕግሥት ያጥረኛል› ይበሉ።»

«ጉድለቴን ጠይቀው ሙገሳ ነው የሚሰሙት? ይሄማ ልጃገረድ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ነው። ‹ልጃችን ትንሽ ዝምተኛ ነው› ይልና ሰካራም ይድራል።»

መምህርቷ እስክታነባ ሳቀች። «አብሽሩ ጋሼ፣ እርስዎስ ያልፋሉ» አለችኝ።

የከበደኝ የቡድን ውይይቱ ነው። ልጁ «ቀድመው ይናገሩ፤ ቀድሞ የተናገረ ነጥብ አለው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ለስንት ነገር ሽምግልና ተቀምጫለሁ፤ የእርቅን ወግ አውቃለሁ። ታላቅ ሰው ቀድሞ አይናገርም። ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ ምን ሊል ነው? አሜን ብሎ ሊቀመጥ ነው። ስለዚህ ታናናሾቹ ያላቸውን ያወጣሉ፣ ታላቁ ሰምቶ ሰምቶ በመጨረሻ ነገሩን ይቋጫል። ይሄን ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ እዚያ ሽምግልና የለም» አለች መምህርቷ። «ሁሉም የሚሮጠው ለራሱ ነው።»

«ሰው የተቀመጠበት ሁሉ ሽምግልና አለ።»

ልጁ መሐል ገባ። «እንዲህ እናድርግ። አንድ ቡድን ከደረሰን ነገሩን እኔ እከፍታለሁ፤ ሌሎቹ ይላሉ፤ ሊያልቅ ሲል ‹እስቲ ጋሼ ይቋጩልን› ብዬ ለእርስዎ እሰጣለሁ።»

«ባይሰጥዎትስ?» አለችኝ እሷ፣ እሱ እየሰማ።

«ቃል ገብቷል እኮ» አልኳት። ልጁም «እንዴ፣ ምን ነካሽ?» ብሎ ሳቀባት።

የምቋጭበትን ነገር የተለማመድነው ያን ጊዜ ነው። «ከኖሩት ይናገሩ፤ መጽሐፉንማ ሁሉም ያነበበው ነው» አሉኝ። እኔ የኖርኩት አንድ ነገር ነው። የወንድሜን ነገር ነገርኳቸው፤ ክረምቱን፣ ተራውን፣ መተማን፣ ሚስማሩ ላይ የቀረችውን ቅዳጅ። መምህርቷ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ልጁ «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ይያዙ፤ ይቺ ታስገባዎታለች» አለኝ። በየቅዳሜው ያስደግመኝ ጀመር። ሲረዝም እያሳጠረ፣ ድምፄ ሲሰበር «እዚህ ጋ ትንሽ ይቁሙ» እያለ አስተካከለልኝ። አንዳንዱ ሰው የወንድምን ሞት ለፈተና ማዘጋጀት ነውር ነው ይል ይሆናል። ይበል። ያ ወንድም እኔን ሊያስተምር የተሸከመ ነው፤ ብናገርበት የኔ ነው።

ደሴ የሄድነው በአንድ ሚኒባስ ነው። መምህርቷ ሌላ ቡድን ገባች፤ እኔና ልጁ አንድ ቡድን ደረሰን። ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው ደረታችን ላይ ቁጥር ለጠፉልን። እሱ አምስት ቁጥር ነው። ፈታኞቹ ግድግዳውን ተደግፈው እስክሪብቶ ይዘው ተቀመጡ። ርዕሱ ተነበበ፦ ችግር የገጠመው ድርጅት ሠራተኛ መቀነስ አለበት ወይስ የለበትም? ልጁ ዞሮ አየኝ፤ ፈገግ አልኩለት። እግዜር ርዕሱን ለኔ ብሎ ያወጣው መስሎኝ ነበር።

እንደተባባልነው እሱ ከፈተ። ከዚያ ወዲያ ሰዉ አንዱ ባንዱ ላይ እየተናገረ የገበያ ቀን አደረገው። እኔ እጄን አጣምሬ እሰማለሁ። ማን ምን እንዳለ፣ የቱ ከየቱ እንደሚታረቅ በልቤ እያኖርኩ ተራዬን እጠብቃለሁ። ሊያልቅ ሲል ልጁ እንደገና ጀመረ። አሁን ይሰጠኛል ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እኔ በቅርብ የማውቀው አንድ ማኅበር አለ» አለ። «አንድ ክረምት መንገድ ተቆርጦበት...»

ሁሉንም ተናገረው። ተራውን፣ መተማን፣ ወባውን። ሚስማሩ ጋ ሲደርስ፣ እኔን መቆም ያስተማረኝ ቦታ ላይ፣ ትንሽ ቆመ። አንዷ ፈታኝ መጻፏን ትታ ቀና አለች። እኔ ወንድሜን ከሰው አፍ እንደማላውቀው ሰው ሰማሁት። አፌን ስከፍት ደወሉ ተደወለ።

ለቃለ መጠይቁ ስገባ ያቺው ፈታኝ ነበረች፤ አብረዋት ሁለት ወንዶች አሉ።

«ውይይቱ ላይ አንድ ቃል አልተናገሩም። ለምን?» አለችኝ።

«ተራዬን ስጠብቅ።»

«ተራ የሚሰጥ ሰው ነበር?»

«ነበር። አምስት ቁጥር። የተናገረው የኔን ወንድም ነው።»

ተያዩ። አንደኛው ወረቀት ገለጠ። ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለችኝ፤ ክፉ ሰው አይደለችም። ቀጥላ ግን «አመራር ዕድል እስኪሰጡት መጠበቅ አይደለም» አለች። «ሌላ ምሳሌ አለዎት? ከሥራዎ ያጋጠመዎት ሌላ ነገር?»

«ሌላ ወንድም የለኝም» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የጠየቁኝን አላስታውስም። ልጁን ውጭ ስደርስ አጣሁት፤ በሌላ መኪና ሄዷል።

ውጤቱ በስልክ መጣ። ሁለቱ አለፉ፤ እኔ ወደቅሁ። መምህርቷ ቤት ሄድኩ።

«ሰምተሻል አይደል ስነግራችሁ?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሂጂና ለደሴው ትምህርት ቤት ተናገሪ።»

ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «ብናገር እሱን ያስወጡት ይሆናል። እርስዎን ግን አያስገቡዎትም» አለችኝ። ውሸት አልተናገረችም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ውሸት ብትናገር በተጣላኋት።

የማኅበሩ ፈቃድ ጊዜው አለፈና ለሒሳብ ሹሙ ተሰጠ። እኔ ልጁን መንገድ ላይ ሳገኘው ፊቴን አዞራለሁ። ከተማው ትንሽ ነው፤ ሰላምታ የነሳኸው ሰው በቀን ስንቴ ያጋጥምሃል። ትምህርቱ ሊጀመር ሲል ቂም ተይዞበት መሄድ ፈርቶ ሽማግሌ ላከብኝ፤ አንድ ቄስና አንድ ሼህ። ሁለቱም ስንት ጊዜ አብረን ሰው ያስታረቅን ናቸው። ልጁ ከኋላቸው ቆሟል።

«ተናገር» አሉት።

«ጋሼ ዝም ስላሉ ነገሩ ሜዳ ላይ ሊቀር ሆነ። ለቡድኑ ብዬ...»

«ለቡድኑ?» አልኩት።

«ሌላ የምለው አልነበረኝም» አለ። «ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የባንክ መስኮት ሥር ነው የተቀመጥኩት። ምን አይቼ አውቃለሁ፣ ጋሼ?»

ሼሁ ወደኔ ዞሩ። «አንተ ምን ትላለህ?»

«ለትምህርት ቤቱ ይናገር።»

«ቢናገር ወንድምህ ይነሳል? አንተስ ትገባለህ?»

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው አሰቡና «ለቅሶ ሳይደርሱ የሰው ሞት አይወራም» አሉ። «ይሄ ልጅ ለሟቹ እናት ለቅሶ ሳይደርስ ነው ያወራው። ሄዶ ይድረስ።» ሼሁም «ሐቅ ነው» አሉ። ነገሩ በዚያ ተቆረጠ።

እናቴ ከከተማው ወጣ ብላ ነው የምትኖረው፤ ዓይኗ ደክሟል። አራታችን በእግር ሄድን። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳማት፤ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እማማ» አላት። ከስንት ዓመት በኋላ ለቅሶ የደረሰ ሰው ግራ አጋባት።

«ታውቀው ነበር ልጄን?»

«አላውቃቸውም። ከጋሼ ሰምቼ ነው። ደሴ ላይ ስለሳቸው ተናግሬ ነበር፤ ሳላስፈቅድ።»

«ማን ፊት?»

«ትልልቅ አስተማሪዎች ፊት።»

«ስለኔ ልጅ?» አለች። እጇን ዘርግታ ክንዱን ፈልጋ ያዘችው። «እስቲ ምን አልካቸው? ንገረኝ።»

ልጁ ወደኔ አየ። አልከለከልኩትም። ነገራት። እኔ ለእናቴ እንዲህ አድርጌ ነግሬያት አላውቅም፤ የነገርኳት «ሞተ» ብዬ ነው። ተራውን ለልጅ አባቶች እንደተወ የሰማችው ያን ቀን ነው። ሚስማሩ ጋ ሲደርስ ልጁ አልቆመም፤ ድምፁ ሄዶበት ነው ያቋረጠው። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ቄሱም አለቀሱ። ሲበቃት እጇን ራሱ ላይ ጭና «ትምህርቱን ይግለጥልህ፤ ከክፉ ይሰውርህ» ብላ መረቀችው።

ሽማግሌዎቹ አዩኝ። እናቴ ከመረቀችው ወዲያ እኔ ምን እላለሁ። «ይቅር» አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም፤ ምርቃትም የለኝም። እሱ በማግስቱ ደሴ ሄደ፤ እኔ መጋዘኔን ከፈትኩ።

ነገሩ እናቴ ቤት በእርቅ ያለቀው ጥቅምት አምስት ቀን፣ የአቦ ዕለት ነው።