የጋሽ ተሰማ በርና ጽጌረዳ የሚሸተው ጀራኒየም

ባለፈው ሳምንት ቁልፌን ይዤ ከሰው በር ጋር ስታገል ተያዝኩ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ መሪ የሚባለው ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ግድግዳው አንድ ዓይነት፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፎቁም አንድ ዓይነት ነው። አንድ ወጣት ከውስጥ ከፈተና ሳቁን እየዋጠ «ማዘር፣ የእርስዎ እኮ አንድ ፎቅ ታች ነው» አለኝ። «አውቃለሁ፤ ልጠይቅህ ብዬ ነው የመጣሁት» አልኩት። ገብቼ ውሃ ጠጥቼ፣ እናቱን ጠይቄ ወረድኩ። እኔ አስናቀች በቀላሉ እጅ አልሰጥም።

ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ሐዋሳ ገባ። እዚያ የምትኖረው ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ ዓይንሽ እየደከመ ነው። ለመስቀል መጥቼ ይዤሽ እሄዳለሁ፤ አለቀ» አለች። «አስብበታለሁ» ብዬ ዘጋሁና በረንዳዬ ላይ ወዳለው የጀራኒየም ተክሌ ሄድኩ። አንዷን ቅጠል በሁለት ጣቴ አሸት አድርጌ አሸተትኳት። ጽጌረዳ ጽጌረዳ አለችኝ። ወዲያው ጋሽ ተሰማ ከነኩራታቸው ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ያኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ሰፈራችን ከእንጦጦ ሥር፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ በባሕር ዛፉ መሐል ወርዶ አጥሩን ይውጠዋል፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። አጥሩ ሁሉ ቆርቆሮ፣ በሩም ቆርቆሮ፣ ከፊቱ ደግሞ የጎርፍ ቦይ አለ። ጋሽ ተሰማ ከእኛ ቀጥሎ ባለው በር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው የሞተችባቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የግማሹን ሰፈር ሱሪ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ሲገፋ ዓይናቸው ፈዘዘና ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ምንም አልቀራቸውም። ከዘራ መያዝ ግን ሞቼ ነው ቆሜ! የሰው እጅ መያዝማ ጭራሽ አይነሳም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሆነን በሩን ገፍተው ገቡ። ሰላምታም የለ። ቀጥ ብለው መጥተው የአባቴ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጫማቸውን አወለቁና «ይህን ጠረጴዛ ማነው ያዛወረው?» ብለው ተቆጡ። ጉርሻችንን እንደያዝን ቀረን። እናቴ ቀስ ብላ «ጋሽ ተሰማ፣ እኛ ቤት እኮ ነው ያሉት። እንኳን መጡ፤ ቀርበው ይብሉ» አለቻቸው። በሉ እንጂ ምን ያድርጉ! ከሁለት ጉርሻ በኋላ ግን ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ።

ሰፈሩ ስቆ አልጠግብ አለ። እሳቸው በራቸውን ዘግተው ተቀመጡ፤ ቤተ ክርስቲያን መሳም እንኳ ተዉ። ናዝሬት ያገባችው ልጃቸው እትዬ ወርቅነሽ ወሬውን ሰማችና «ለመስቀል መጥቼ አባዬን እወስዳለሁ» ብላ ላከች።

ልጠይቃቸው ብገባ ኩርምት ብለው አገኘኋቸው። «አስኒ፣ ናዝሬት ሄጄ ምን ልሆን ነው?» አሉኝ። «እንደ ዕቃ ጥግ ያስቀምጡኛል። እዚህ ቢያንስ ድንጋዩ ያውቀኛል።» በዚያ ዕድሜዬ ደግሞ የሚያቅተኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር፤ አሁንም ብዙ አልተሻለኝም።

«የትም አይሄዱም። በርዎን ራስዎ ለይተው ይገባሉ» አልኳቸው።

«በምኔ?»

«በአፍንጫዎ!»

አባቴ ሾፌር ነበር። የሚሠራላቸው የውጭ አገር ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ ጀራኒየም በየዓይነቱ ነበራቸው። የዚህ ዓይነቱ ጀራኒየም አበባው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ጉዱ ያለው ቅጠሉ ላይ ነው። አንዱን ስታሹት ጽጌረዳ ይሸታል፣ ሌላውን ስታሹት ሎሚ። አባቴን ወትውቼ ከሁለቱም የሚተከል ቁራጭ አስመጣሁ። ሎሚው ለእኛ በር፣ ጽጌረዳው ለጋሽ ተሰማ። እንዲህ ቀላል መስሎኝ! ወዲያው ተከልኩና ጠዋት ማታ ውሃ አርከፈከፍኩበት። ፍቅር በዛበትና ግንዱ ከሥሩ ጠቁሮ በሰበሰ። እናቴ አይታ «አንቺ ልጅ፣ ጎመን መሰለሽ እንዴ? ቁስሉ ሳይደርቅ አፈር ታለብሺዋለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

በሁለተኛው ዙር የተቆረጠው አፉ ደረቅ እስኪል ቁራጮቹን ጥላ ሥር አሳደርኳቸው። ውሃው እንዲወርድ ሁለት ባዶ ጣሳ ከሥር በምስማር በሳሁ፤ ከአፈሩ ጋር አሸዋ ቀላቀልኩ። ውሃ የምሰጠው አፈሩን ነክቼ ደረቅ ሲለኝ ብቻ ሆነ። ጋሽ ተሰማ ጎንበስ ሳይሉ እንዲያገኙት ጣሳውን እጃቸው በሚደርስበት ከፍታ ከበሩ ቋሚ ጋር በሽቦ አሰርኩት፤ ሎሚውንም በእኛ በር ላይ እንዲሁ፤ ከላያቸው ለዝናቡ ቁራጭ ቆርቆሮ ከደንኩባቸው። ሐምሌን በሙሉ ዶፉ በመጣ ቁጥር ልቤ አብሮት ይወርድ ነበር። ያዘልኝ! ነሐሴ ሲያልቅ ቅጠሉ ጣሳውን ሞልቶ ወደ ውጭ ተንዠረገገ። ሰፈርተኛውም ከእኔ አይቶ በየአጥሩ ጣሳ ሰቀለ፤ አንዱ ጤናዳም፣ አንዱ በሶብላ።

ጋሽ ተሰማ ልምምድ ጀመሩ። አጥሩን በግራ እጃቸው እየዳሰሱ ይወርዳሉ፤ ቅጠል ሲነኩ ጨበጥ አድርገው ጣታቸውን ያሸታሉ። «ሎሚ፤ የእናንተ ነው። ቀጥሎ የእኔ» ይላሉ እንደ ልጅ እየተደሰቱ። አንድ ነገር ብቻ አስማሉኝ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ተሰማን ቅጠል ይመራዋል ብለው ይስቁብኛል።» ማልኩላቸው።

እትዬ ወርቅነሽ በመስቀል ዋዜማ መጣች። አባትና ልጅ ሲከራከሩ አምሽተው በመጨረሻ ጋሽ ተሰማ «ነገ ከቤተ ክርስቲያን ብቻዬን እመለሳለሁ። በሬን ከሳትኩ ውሰጅኝ። ካልሳትኩ ግን ተዪኝ» አሏት። እያቅማማች እሺ አለች።

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ዳገቱ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር። ረፋድ ላይ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ወጣሁ። ዓይኔ ጣሳው ላይ ሲያርፍ ክው አልኩ። ጽጌረዳው ራቁቱን ቆሟል! እትዬ ወርቅነሽ ቄጤማ አንሷት፣ የአባቷ ቤት በዓል በዓል እንዲሸት ብላ ቅጠሉን አንድ ሳታስቀር ለቅማ ጎዝጉዛዋለች። ማን ይፈርድባታል? በዓል ሲሆን ሽታ ያለው ቅጠል አይቶ ዝም የሚል ሰው አላውቅም።

«ምነው እትዬ ወርቅነሽ! ምነው!»

«ምን ሆንሽ አንቺ?» አለችኝ ግራ ገብቷት። መሐላው አፌን ያዘው። ጋሽ ተሰማ ደግሞ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳገቱን መውረድ ጀምረዋል። ልጠራቸው ስል ክንዴን ለቀም አደረገችኝ። «ዝም በይ! ብቻዬን ብለው የለ?»

እኛ በር ደረሱ። ቅጠሉን ጨበጡ፣ አሸተቱ፣ ፈገግ አሉ። ቀጠሉና እጃቸው የራሳቸው ጣሳ ላይ አረፈ። ዳሰሱት፤ ግንድ ብቻ ነው። ደግመው ዳሰሱት። ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ሲጠፋ አየሁ። ጣሳ እንደሆነ በእኛና በእሳቸው በር መሐል ባለው አጥር ላይ ሳይቀር ሞልቷል፤ ጣሳ ብቻውን ምስክር አይሆንም። የተሳሳቱ መስሏቸው በሩን አልፈው ወደ ቦዩ ተራመዱ። እትዬ ወርቅነሽ ልትሮጥ ስትል አሁን ክንዷን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ጋሽ ተሰማ ቆመዋል፣ አፍንጫቸውንም ቀና አድርገዋል።

ከማለዳው ጀምሮ እንኳን አደረሳችሁ ሊል የገባው የወጣው ሰው ሁሉ ያንን ጉዝጓዝ ሲረግጠው፣ ሲያደቀው ነበር። የጽጌረዳው ሽታ በተከፈተው በር ወጥቶ መንገዱን ሞልቶታል። ጋሽ ተሰማ ቀስ ብለው ዞሩ። ተመልሰው በበሩ ገቡና የቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆሙ፤ እኛም ተከተልናቸው።

«ወርቅነሽ፣ ጎዘጎዝሽልኝ?»

«አዎ አባዬ።»

«ተባረኪ። ለከርሞ ግን ከበሩ ላይ አትልቀሚብኝ፤ መንገዴ ነው።»

ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ራቁቱን የቀረውን ግንድ አየች፣ እኔን አየች፣ እዚያው ጉዝጓዙ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። እኔም አልቻልኩም፤ አብሬያት አለቀስኩ። በዓሉ ሲያልፍ ከእኔ የሎሚውን ቁራጭ ተቀብላ ናዝሬት ብቻዋን ተመለሰች። ጋሽ ተሰማ እስከ ዕለተ ሞታቸው በገዛ በራቸው ገቡ፣ በገዛ በራቸው ወጡ። ጽጌረዳው መልሶ አቆጠቆጠ፤ ጀራኒየም ሲቆርጡት ይብስ ይፋፋል። በረንዳዬ ላይ ያለው የእሱ ዘር ነው፤ ቤት በቀየርኩ ቁጥር ቁራጩን ይዤ ነው የምገባው።

ትናንት አንዱን ጣሳ ከበረንዳ አንስቼ ከቤቴ በር ጎን፣ እጄ በሚደርስበት ቦታ ሰቀልኩት። ሲመሽ መብራት ጠፋ። ደረጃውን ወጣሁ፣ እጄን ሰደድ አደረግሁ፣ ጣቴን አሸተትኩ፣ ቁልፌን ከተትኩ። ዞረ። ዓይኔ እየደከመ ነው፤ አልዋሽም፣ ያስፈራኛል። ግን ድሮ ለሰው በሩን ያሳወቅሁ ሴት የራሴን አላጣም።

ዛሬ ጠዋት ለልጄ ራሴ ደወልኩላት። «ለመስቀል ነይ» አልኳት፤ «ትወስጂኝ እንደሆነ እናያለን። ቄጤማ ግን ከገበያ ይዘሽ ነይ፤ በሬ ላይ ያለውን እንዳትነኪብኝ!»