የቆጵሮሷ ሴትዮ የጾም ማዕድ

ዛሬ ጠዋት ጋርቤጅ ላወጣ ስወጣ፣ ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር፣ የቆሻሻ ቢኑ እጀታ ላይ ጣቴ አንድ የሚያሟልጭ ነገር ነካ። ቀንድ አውጣ! ውይ ሲቀፍ! እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ፤ አሁንም የለቀቀኝ አይመስለኝም። አትሳቂ እባክሽ። የቆጵሮሷን ሴትዮ ምሳ ስላልበላሽ ነው የምትስቂው።

ሴትዮዋ ቡፎርድ ሃይዌይ የሚባለው ጎዳና ላይ፣ ቻምብሊ ሰፈር ካለው አፓርታማችን ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ ዳይነር፣ ምግብ ቤት ነበራት። በፈረንጅ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው እንግዲህ። እናቴ ኪችን ሳህን ታጥባለች፣ እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ጠረጴዛ እጠርጋለሁ። በየጠረጴዛው የአገሯ ካርታ የታተመበት ወረቀት ይነጠፋል። ደንበኛው ታዲያ ምን ገዶት? ኬችፑን ተራራው ላይ ያፈሰዋል፣ የዶሮ አጥንቱን ዋና ከተማዋ ላይ ይተፋዋል። እኔ ያንን ቅባት የጠጣ፣ ምራቅ የነካው አገር እየጨማደድኩ ቆሻሻ ውስጥ እጥላለሁ። ሽታው እስክተኛ ድረስ ከጥፍሬ ሥር አይወጣም ነበር።

እሷ ግን በዚያው ወረቀት ታስተምረኝ ነበር። ደሴቷ ለመድረቅ የተወጠረ ቆዳ ትመስላለች፣ ጭራዋን ወደ ሶርያ ዘርግታ። ፈረንጅ መዳብን የሚጠራበት ስም ከነሱ ደሴት ስም የወጣ መሆኑን በኩራት ትነግረኛለች። ሮማው፣ ቬኒሱ፣ ቱርኩ፣ እንግሊዙ ተራ በተራ እንደገዛቸው ታወራልኛለች። በመጨረሻ ጣቷ ወደ ሰሜኑ ጠረፍ ይሄድና አንዲት መንደር ላይ ይቆማል። ጦርነት ደሴቷን ለሁለት ሲከፍላት ሸሽታ የወጣችው ከዚያች መንደር ነው። ባሏ "ፍየሎቹን ለቅቄ ልምጣ" ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም። ዘመዶቿ ጠብቀው ጠብቀው ተዝካሩን ሲያወጡ "በቁሙ ቀበራችሁት!" ብላ ከሁሉም ጋር ተቆራረጠች። እሷ ገና ትጠብቀው ነበር። ይህን ሁሉ ማታ ቤት ስንገባ ለእናቴ እነግራት ነበር።

እናቴ ደግሞ ቆጵሮስን ከመጽሐፍ ቅዱስ ታውቃታለች። "የበርናባስ አገር እኮ ነው!" ብላ አማተበች። ሴትዮዋም አማተበች፣ እኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እሷ ከቀኝ ወደ ግራ። ኦርቶዶክስ መሆናችንን፣ ሁዳዴንም እንደምንጾም ስትሰማ የጠፋ ዘመድ ያገኘች ነው የመሰላት።

አንድ ቀን ሽንኩርት አምጪ ተብዬ ከኋላ ወዳለው ዕቃ ቤት ገባሁ። ክዳኑ ላይ ድንጋይ የተጫነበት ባልዲ አየሁ። የሰው ዕቃ መክፈት መቼም አይለቀኝም፣ ከፈትኩት። እመ ብርሃን! ቀንድ አውጣ በቀንድ አውጣ ላይ ወጥቶ፣ ፉርሽካ ተለውሶ፣ አረፋ እየደፈቀ ይርመሰመሳል። ከሁሉም የባሰው ድምፁ! ቁስል ላይ የደረቀ ፋሻ ሲላቀቅ ዓይነት ነው። ጮኼ ወጣሁ። ሴትዮዋ በሳቅ ሞተች። "ከቬትናሞቹ ሱቅ ገዝቼው ነው። ሆዱ እንዲጸዳ ፉርሽካ አበላዋለሁ። ደም ስለሌለው በጾም ይበላል! እሁድ አብረን እንበላለን" አለችኝ።

ለእናቴ ስተረጉምላት ፊቷ ዐመድ መሰለ። "ዓሣ እንኳ የማልቀምስ ሴትዮ፣ ያውም በሁዳዴ፣ በሆዱ የሚሳብ ነገር ልብላ? በስመ አብ!" እንቢ ማለትም ጨነቃት፤ ሴትዮዋ ከኛ ሌላ ማዕዷ ላይ የሚቀመጥላት ሰው እንደሌላት ታውቃለች። "እንሂድ፣ ዳቦውን ቀመስ አድርገን እንወጣለን" አለችኝ።

እሁድ ዳይነሩ ዝግ ነው። ገና በሩ ላይ ሽታው ተቀበለን፤ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ከላይ፣ የረጋ ውኃ ከሥር። ጠረጴዛው ላይ ቀንድ አውጣው ከነቀፎው በትሪ ሙሉ ተቀምጧል። ከጎኑ አንድ ሳህን የስንዴ ንፍሮ፣ ሮማንና ዘቢብ ተነስንሶበት፣ መሃሉ ላይ ሻማ ቆሞበታል።

እናቴ ንፍሮውን ስታይ ደርቃ ቀረች። "ማን ሞተባቸው? ጠይቂያቸው" አለችኝ ቀስ ብላ።

ጠየቅኳት። ሴትዮዋ ዓይኗን ከሻማው ሳታነሳ "ባሌ" አለች። "አሁንስ አይመጣም፤ መጠበቁን ተውኩ። ይሄን ምግብ ሲወደው ለጉድ ነበር። ለነፍሱ የሚበላለት ሰው እፈልጋለሁ።"

ለእናቴ ተረጎምኩላት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ከጎኗ ተቀመጠች። ከዚያ ወደኔ ዞራ "አንቺ ብዪ" አለችኝ።

"እኔ?!"

"ልጅ ነሽ፣ እግዜር ይቅር ይልሻል። እኔ ንፍሮውን እቀምሳለሁ። የሐዘንተኛ ምግብ ይገፋል እንዴ? ብዪ ብያለሁ!"

ሴትዮዋ አንዱን በስቴኪኒ ጎልጉላ አወጣችልኝ። ጥቁር፣ ጥቅልል ያለ፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ነገር የተለጠፈበት። ጎረስኩት። እንደ ጎማ አልላመጥ ይላል፣ አሸዋው ጥርሴ ላይ ይንቀጫቀጫል፣ ሲፈርጥ የኩሬ ጣዕም ይለቃል። ዛሬ የሥራ ጓደኞቼ በውድ ዋጋ እያዘዙ ሲበሉት ሳይ እብድ ይመስሉኛል። ልተፋበት ሶፍት በዓይኔ ፈለግኩ።

"ስማቸው ማነው በያቸው" አለች እናቴ። አፌ ሙሉ ነው፣ መተርጎም አልቻልኩም። ራሷ ባላት እንግሊዝኛ "ኔም?" አለቻት።

ሴትዮዋ ስሙን ነገረቻት። እናቴም አይታው የማታውቀውን ሰውዬ፣ ስሙን አጣማ እየጠራች፣ ደረቷን እየደቃች ሙሾ አወረደችለት። "ፍየሎቹን ብለህ የቀረኸው! አፈር ያላለበሱህ፣ አልቃሽ ያጣኸው ወንድሜ!" ሴትዮዋ መጀመሪያ ደንግጣ አየቻት። አማርኛው አይገባትም፤ ስሙ ሲጠራ ግን ትሰማለች። ስሙ በተጠራ ቁጥር ጎንበስ፣ ጎንበስ እያለች ሄዳ፣ በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ እነዚያን ሁሉ ዓመታት የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው።

በዚህ መሃል እንዴት ይተፋል? እንባዬን እያፈሰስኩ ዋጥኩት።

ሴትዮዋ ቀና ስትል አፌን አየች። ባዶ ነው። ሌላ ጎልጉላ አወጣችና ዘረጋችልኝ። እሱንም በላሁለት።